የድንጋይን ሽበት ለምን እንፍቃለን?

በከተማችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳይከፍልበት፣ በራሱ ጊዜ የበቀለ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው። በገንዘብ የተገዛና በመኪና ተጭኖ የመጣ ከሆነ ግን፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ቢደርቅም፣ ስሙ «አትክልት» ነው። ይህ ሕግ በየግቢያችን ይሠራል፤ ዳኛም ምስክርም አያሻውም። የሚፈረድበትም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ጥግ፣ ከዛፍ ሥርና ከአጥር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ያ አጭር፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ ነገር።

ስሙን ልጥራው። ሽበት ነው። የእጽዋት ተማሪዎች ሞስ ይሉታል። አንዳንዱ ሰው «አልጌ» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ሻጋታ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አልጌም ሻጋታም አይደለም፤ ቅጠል ያለው፣ ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጅ ሙሉ ተክል ነው። በደጋ ጫካ ከዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለውን ግራጫ ነገርም ሽበት የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት፣ ላይከን የሚባል ሌላ ፍጡር ነው። እኔ የምናገረው መሬትና ድንጋይ ስለሚያለብሰው ስለ አረንጓዴው ነው። እንግዲህ የእኛን ነገር ተመልከቱ፤ የሰውን ሽበት እናከብራለን፣ ከወንበር ተነሥተን ቦታ እንለቃለን። የድንጋይን ሽበት ግን በሽቦ ብሩሽና በበረኪና እንፍቃለን። ለምን?

የምከራከርለት ነገር አጭር ነው። ጥላ የበዛበት ግቢ ያለው ሰው የመሬቱ ልብስ ከደጁ አለለት፤ ሊገዛው አይገባም፣ ከሩቅ ሊያስመጣው አይገባም። የሚጠበቅበት ማወቅና መንከባከብ ነው። እኛ ግን ከጥላ ጋር መታረቅ አቅቶን ሦስት ዓይነት ጦርነት እንዋጋለን።

የመጀመሪያው የሣር ጦርነት ነው። አንድ ሰው ፀሐይ ላይ የተነጠፈ የጎረቤቱን መስክ አይቶ ይቀናና ከጽድ ሥር ሣር ያስተክላል። ሰርዶ ግን ፀሐይ ወዳድ ነው፤ ጥላ ውስጥ ይሳሳል፣ ይቀጥናል፣ ይገረጣል፤ በመጨረሻም መሬቱን ራቁቱን ትቶ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ በዚያ ራቁት መሬት ላይ ሽበቱ ተመልሶ ይመጣል። ይሄኔ አትክልተኛው ይጠራና «ሣሩን የገደለው ይህ ነው» ብሎ ጣቱን ይቀስራል። ሐሰት ነው! ሣሩን የገደለው ጥላው ነው፤ ሽበቱ የመጣው ለለቅሶ ነው። እኛም ለቀስተኛውን በነፍሰ ገዳይነት ከስሰን፣ ፍቀን፣ አዲስ ሣር እንገዛለን። በዓመቱ ያው ለቅሶ፣ ያው ክስ፣ ያው ወጪ።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ጦርነት ነው። በየካፌው በረንዳና በየሠርጉ ድንኳን የገባው የፕላስቲክ ሣር ዛሬ ረከቦት ሥር ደርሷል። ቀጤማ የሚጎዘጎዘው ለመዓዛው፣ ለርጥበቱ፣ ለበዓልነቱ ነበር፤ አሁን ታጥቦ ለከርሞ የሚታጠፍ ቀጤማ ተገኘ። የቡናውን እንኳ ይሁን ብለን እንለፈው። ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ሲነጠፍ ግን ነገሩ ይለያል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ይታፈናል፤ ዓመታት ሲያልፉ እየተበጣጠሰ ፍርፋሪው ከጎርፍ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከሁሉም የሚያስቀኝ ደግሞ፣ ጥላ ላይ ከተነጠፈ ውሎ አድሮ ሽበት ይበቅልበታል። ባለቤቱም ጎንበስ ብሎ እውነተኛውን አረንጓዴ ፍቆ ሐሰተኛውን አረንጓዴ ያጸዳል!

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ሲሚንቶን የሚናገሩለት ሰዎች ከሣር ገዢዎቹ የተሻለ ምክንያት አላቸውና።

የምኖረው ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው የኪራይ ግቢ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ሁለት የጽድ ዛፎች አሉ፤ ጥላቸው አንድ ትልቅ ድንኳን የሚተከልበትን ያህል ቦታ ይይዛል፤ መሬቱም ሽበት ለብሷል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ «ይህ ጭቃ በሲሚንቶ ይደፈን» የሚል ሐሳብ ተነሣ። በየቤቱ መዋጮ ተቆረጠ፤ ግንበኛም መጥቶ ለካ። እኔ ተቃወምኩ። ሐሳቡን ያመጡት የግቢው ትልቅ እትዬ ሳያቋርጡ ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንተ የምታየው አረንጓዴውን ነው። እኔ የማየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠርገው የኖርኩትን ጭቃ ነው። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ።»

ይህ ንግግር ከማንኛውም የሲሚንቶ ማስታወቂያ ይበልጣል። ጭቃ ለእኛ ከተማ ሰው የአፈርና የውሃ ድብልቅ ብቻ አይደለም፤ የድህነት ማኅተም ነው። በልጅ ጫማ ላይ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሎ ይሄዳል፤ በእናት ጉልበት ላይ ይቆጠራል። ሲሚንቶ ያስለበሰ ሰው ጭቃን ድል የነሣ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ሽበት ውበት ልሰብካቸው አልዳዳኝም። «እትዬ፣ ጭቃው የትኛው ጋ ነው?» ብቻ አልኳቸው። በማግስቱ ከዝናብ በኋላ አብረን ዞረን አየን።

ጭቃው የነበረው ከቧንቧው ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ነው፤ ቀን ከሌት እግር የሚመላለስበት፣ አንድም ሽበት የሌለበት መሬት። ከጽዱ ሥር ግን ጭቃ አልነበረም። ጠብታው የሚያርፈው በሽበቱ ላይ እንጂ በአፈሩ ላይ ስላልሆነ አፈሩ አልተረጨም፣ አልተሸረሸረም፤ እትዬ በነጠላ ጫማ ቆመውበት ጫማቸው ንጹሕ ነበር። ማለትም ልንደፍነው የተነሣነው መሬት፣ ከግቢው ሁሉ ጭቃ የሌለበት ብቸኛው መሬት ነው!

ሌላም ነገር አለ። ግቢያችን ተዳፋት ነው። ከአጥራችን ግርጌ የሌላ ሰው ቤት አለ፤ የጀርባ ግድግዳው ጭቃ ነው። ዛሬ በጽዱ ሥር የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው ወደ አፈር ይገባል። ሽበቱ ራሱ ጎርፍ ይጠጣል ብዬ አልዋሽም፤ ውሃውን ያዝ አድርጎ፣ የአፈሩን ፊት ከመደደር ጠብቆ፣ ወደ ታች እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የሚጠጣው አፈሩ ነው። ሲሚንቶ ቢለብስ ግን ያ ውሃ መሄጃው ወዴት ነው? ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። የእኛ ግቢ ንጹሕ የሚሆነው የሌላውን ሰው ቤት በማራስ ከሆነ፣ ያ ንጽሕና ሳይሆን ጭቃን ወደ ጎረቤት ማዛወር ነው። በየተዳፋቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግቢ እንዲህ እያደረገ ሁሉም ከላዩ ባለው ላይ ያማርራል።

በመጨረሻ ከመዋጮው የተወሰነው ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ። ከጽዱ ሥር ያለው ለጊዜው ተተወ። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ አንዱ ጎረቤታችን ዛሬም «ሥራው በጅምር ቀረ» ይላል፤ የተረፈውም ገንዘብ እትዬ ዘንድ ተቀምጧል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ ክርክሩ ካበቃ በኋላ ሆኜ አይደለም።

*

ለመሆኑ ይህ የምንፍቀው ነገር እንዴት ይኖራል? ሥር የለውም። ከመሬት የሚያያይዙት ፀጉር መሰል መያዣዎች አሉት፤ ሥራቸው በዋነኛነት መያዝ ነው። ውሃውን የሚጠጣው በአብዛኛው በቅጠሉ ነው፤ ዝናብና ጤዛ ሲያርፍበት በገላው ሁሉ ይጠጣል። ስለዚህም ጥልቅ አፈር አይፈልግም፤ ድንጋይ ላይ፣ ቅርፊት ላይ፣ በጽድ ሥሮች መካከል ባለች አንዲት ጣት ውፍረት አፈር ላይ ይኖራል። አበባ አያብብም፤ የሚራባው በብናኝና በራሱ ስብርባሪ ነው። ቁራሹ ተቆርሶ ተስማሚ ቦታ ላይ ቢወድቅ ራሱን ችሎ ይነሣል።

ትልቁ ጥበቡ ግን መድረቅን መቻሉ ነው። ሌላው ተክል ሲደርቅ ይሞታል፤ ብዙው የሽበት ዓይነት ሲደርቅ ይተኛል። ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ቀለሙ ይጠወልጋል፣ ሥራውን ሁሉ ያቆማል። ከወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው ቅጠሉ በደቂቃዎች ውስጥ ተዘርግቶ ያረንጉዳል። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ዝናቡን በዋነኛነት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያገኝ፣ ከዚያም ረጅም በጋ የሚጠብቀው ከተማ ነው። ለእንዲህ ያለ አየር የሚስማማ የጥላ ምንጣፍ ፈጥረህ አምጣ ቢባል ማን ከዚህ የተሻለ ይፈጥራል? ክረምቱን የሚጠጣ፣ በጋውን የሚተኛ፣ የቧንቧ ውሃ ፈረቃን የማይለምን!

ዓለም ላይ 12,000 ያህል የሞስ ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል። የእኛዎቹስ? የአገራችንን እጽዋት የመዘገበው ታላቁ ሥራ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቅጾች ታትሟል። ከፈርን እስከ አበባ ያሉት፣ ውሃና ምግብ የሚያመላልስ ቧንቧ በውስጣቸው ያላቸው ተክሎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፈዋል። ሽበት ግን የለበትም፤ የሥራው ወሰን ቧንቧ ያላቸውን ብቻ የሚመለከት ነበርና። ደራሲዎቹን አልወቅስም፤ ያንን ያህል ሥራ መፈጸማቸው ራሱ የሚያስመሰግን ነው። የምለው፣ ትልቁ መጽሐፋችን ሽበትን በር ላይ ትቶት ካለፈ ግቢያችን ያለውን የማወቁ ሥራ ገና በእጃችን ነው። ብሩሹ ግን ከዕውቀቱ ቀድሞ ደረሰ።

*

እኛ አገር የውጭ ምስክር ካልተጠራ ክርክር አይረታም፤ እንግዲህ ልጥራ። ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ከተማ ሳይሆጂ የሚባል የቡድሂስቶች ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ1339 ሙሶ ሶሴኪ የተባለ መነኩሴ አትክልቱን አዲስ አድርጎ አሠራው። ዛሬ ሕዝቡ የሚጠራው ግን «ኮኬዴራ» ብሎ ነው፤ የሽበት መቅደስ ማለት ነው። 120 ያህል ዓይነት ሽበት ግቢውን ሞልቶታል። ከ1977 ወዲህ ቀድሞ ያላመለከተ ጎብኚ አይገባም፤ የሰው እግር ብዛት ሽበቱን እንዳይጎዳ። በ1994 ከኪዮቶ ጥንታዊ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሽበቱን የተከለው ሙሶ አይደለም። ከብዙ ዘመን በኋላ ገዳሙ ተዳክሞ፣ አትክልቱን የሚንከባከብ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ፣ ሽበቱ በራሱ መጥቶ መሬቱን አለበሰው። ማለትም አመጣጡ ከእኛ የኩሽና ጀርባ ሽበት በምንም አይለይም! ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ አዩትና «ይህስ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የረገፈ ቅጠል እየጠረጉ፣ አረሙን በእጅ እየነቀሉ ይጠብቁታል። ኪዮቶ በበጋዋም ወበቅና ዝናብ ያላት ከተማ ስለሆነች የእኛ ግቢ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ይለመልማል አልልም። የምቀናው በሽበታቸው ሳይሆን በዓይናቸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረታችን የተነገረው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው።

*

«እሺ፣ እንዴት ይደረግ?» ለሚል አንባቢ የማውቀውን በአጭሩ ልንገር።

በመጀመሪያ፣ ሽበት በሌለበት ሳይሆን ባለበት ጀምሩ። አንድ ክረምት ሙሉ ግቢውን ተመልከቱ፤ የት ራሱ እንደመጣ ያሳያችኋል። የቆርቆሮ ጣራ ጠብታ የሚወርድበትን መስመር ተዉት፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ለሽበት መርዝ ነው፣ ጠብታውም ይቆፍረዋል። የልብስ እጣቢና በረኪና የሚደፋበት፣ አመድ የሚጣልበትም ቦታ አይሆንም። መረሬ አፈር ያለው ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ መሬቱ በበጋ ሲሰነጠቅ ምንጣፉንም ይሰነጥቀዋልና ድንጋዩንና የዛፉን ሥር ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ሰኔ ሳይገባ የረገፈውን ቅጠል ጥረጉ፤ ሰርዶና ሙጃውን ከነሥሩ ንቀሉ። መሬቱን አትቆፍሩት፤ ሽበት የሚወደው የጠነከረ እንጂ የላላ አፈር አይደለም፤ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጋችሁ ደልድሉት። ከዚያ ከራሳችሁ ግቢ፣ ሽበት ከበዛበት፣ የመዳፍ ያህል አንሡ። ከአፈር ያነሣችሁትን ወደ አፈር፣ ከድንጋይ ያነሣችሁትን ወደ ድንጋይ ውሰዱ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ብዙ ጊዜ አይለምድም። እንደ እንጀራ ፍርፍር ቆራርሳችሁ በረጠበው መሬት ላይ በትኑ፤ በእጅ ወይም በጣውላ ጫን አድርጉት። የቀረውን ክረምቱ ይሠራዋል። ሰማዩ ለቀናት ከጠፈፈ ብቻ ውሃ እንደ ካፊያ እርጩለት።

ሽበትን በአሬራ ወይም በርጎ ፈጭቶ መቀባት የሚባል ምክር ከውጭ መጥቷል። አሬራችሁን ጠጡ። የተቀባው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሻጋታና ዝንብ ነው።

በበጋ ተዉት ይተኛ። ውሃ ካለና ማጠጣት ከፈለጋችሁ በደንብና ሳታቋርጡ አጠጡት፤ ካልሆነ ጨርሶ አትንኩት። ሲያልፉ ጥቂት ጠብታ እየረጩ መሄድ ከድርቁ ይብሳል፤ በነቃ ቁጥር ያከማቸውን ይጨርሳል፣ ምግብ ሳያዘጋጅ ተመልሶ ይደርቃልና። ዶሮ ካላችሁ ከለላ አብጁለት፤ ዶሮ አንድ ክረምት የለበሰውን በአንድ ጠዋት ትጭረዋለች። መሬቱ ለመሸፈን ሁለት ሦስት ክረምት ሊፈጅ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

*

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ በየቡናው ሰምቼዋለሁ። «ያንሸራትታል» ይባላል። ደረጃና መተላለፊያ ላይ እውነት ነው፤ እዚያ ፍቁት፣ እኔም አብሬ እፍቃለሁ። ሰው የማይሄድበት የዛፍ ሥር ግን ማን ነው የሚንሸራተተው? «እርጥበት አምጥቶ ቤት ያፈርሳል» ይባላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሽበት ካያችሁ ግድግዳው ቀድሞውኑ ረጥቧል ማለት ነው፤ ሽበቱ ምልክት እንጂ ምንጭ አይደለም። የሚያፈሰውን አሸንዳ ጠግኑ፤ ከግድግዳውም ክንድ ያህል አርቁት። «የትንኝ መፈልፈያ ነው» ይባላል። ትንኝ የምትፈለፈለው በተቋጠረ ውሃ ነው፤ የተጣለውን ጎማና ክዳን ያጣውን በርሜል ተመልከቱ። «ልጆች የት ይጫወቱ?» የሚለው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሽበት የኳስ ሜዳ አይሆንም፤ እግር ሲበዛበት ይሞታል። ሌላ ቦታ የሌለው ግቢ ከሽበቱ ልጆቹን ያስቀድም። የእኔ ክርክር ቦታ እያለው በሲሚንቶ ከሚደፍነው ጋር ነው፤ ሲሚንቶ ለወደቀ ጉልበትም አይራራም።

አንድ ሌላ ጠላት ግን አለ፤ እሱን ከሲሚንቶው ይበልጥ እፈራዋለሁ። ፋሽን ይባላል። ነገ ይህ ነገር «የሰለጠነ» መሆኑ ከተሰማ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ መንገድ ዳር ሲሸጥ ይታየኛል። ከየት ይመጣል? ከእንጦጦ ገደል፣ ከመናገሻ ጫካ፣ ከየቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ተገፎ ነው። በጫካ ውስጥ ሽበት ጉም ይይዛል፣ ዝናብ ያጠራቅማል፣ የዛፍ ዘር ይቀበላል፣ ለማይቆጠሩ ነፍሳት ቤት ነው። በባሌ ሐረና ጫካ የዛፎቹ ግንድና ቅርንጫፍ በእሱ ተጀቡኗል። ከግንድ የተገፈፈ ሽበት ተመልሶ ለመልበስ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያውም ከጫካ የመጣው ከተማ ግቢ ሲደርስ አብዛኛው አየሩን አይለምድምና ይሞታል። ተገፎ ለመሞት! ስለዚህ ከረጢት ይዞ ከሚመጣ ሻጭ አትግዙ። ነጋዴው ከጫካ ሲያመጣ ካያችሁ ከየት እንዳነሣው ጠይቁት፤ ጎረቤታችሁ ከፈለገ ግን ከግቢያችሁ መዳፍ ሙሉ ስጡት። የሰፈር ሽበት ለሰፈር ይበቃል።

«በዚህ ዘመን፣ በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሽበት ትጽፋለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኑሮው ስለተወደደ ነው የምጽፈው። ለሞተ ሣር ሁለቴ የሚከፈለው፣ ለፕላስቲክ ምንጣፍ የሚወጣው፣ መደፈን ለማያስፈልገው መሬት ከየኪሳችን የሚዋጣው ገንዘብ የእኛው ነው። ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚገባበትም ሰው እንደኛው ነው። ነጻ የመጣውን ፍቀን የተገዛውን እንድናከብር ማን እንዳስተማረን እያንዳንዳችን እንጠይቅ።

እንግዲህ በግቢያችሁ መዋጮ ሲቆረጥና ግንበኛው ሜትሩን ሲዘረጋ፣ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። እግር የሚረግጠው የት ነው? ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ወደ ማን ደጅ ይሄዳል? ከዛፉ ሥር አሁን የበቀለው ምንድን ነው? እግር የሚረግጠውን ድንጋይ አንጥፉበት። የቀረውን ግን ጎንበስ ብላችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ ከዚያ በኋላ ፍቁት የሚላችሁን ሰው ምክንያቱን ይናገር ዘንድ አስገድዱት።